ምዕራፍ ሰባት፦ በአምስተኛው ሙከራ የተረታው ቁጥር

ይህ ምዕራፍ የሚናገረው ስለ አንድ ቁጥር ነው፤ 4,294,967,297። በቃል ሲነበብ አራት ቢሊዮን ሁለት መቶ ዘጠና አራት ሚሊዮን ዘጠኝ መቶ ስልሳ ሰባት ሺህ ሁለት መቶ ዘጠና ሰባት ይሆናል። ከኮምፒውተር ጋር የሚውል ሰው የዚህን ቁጥር ጎረቤት ሳያውቀው አይቀርም። በ1 የሚያንሰው 4,294,967,296 በ32 ቢት ሊጻፉ የሚችሉ የተለያዩ ቁጥሮች ብዛት ነው፤ የቀድሞው የኢንተርኔት አድራሻ አሰጣጥም ከዚህ በላይ አድራሻ የለውም። እኛ የምንፈልገው ግን ጎረቤቱን ሳይሆን ራሱን ነው። አንድ ታላቅ የሒሳብ ሰው ስለዚህ ቁጥር የተናገረው ግምት 92 ዓመት ሳይፈርስ ቆይቶ፣ በመጨረሻ አንድ የ25 ዓመት ወጣት አፈረሰው። ያፈረሰበት መንገድ ደግሞ ከውጤቱ ይበልጥ አስተማሪ ነው።

ባለፈው ምዕራፍ ብቸኛ ቁጥር ያልነው ከ1 እና ከራሱ በቀር ሌላ አካፋይ የሌለውን ቁጥር እንደሆነ እናስታውስ፤ 2፣ 3፣ 5፣ 7፣ 11 እያለ ይቀጥላል። በሌሎች ቁጥሮች ብዜት የሚገኘውን ደግሞ ውሁድ ብለነዋል፤ 91 ውሁድ ነው፣ 7 ጊዜ 13 ስለሆነ። በኤራቶስቴንስ ወንፊት ስንሠራም አንድ ጠቃሚ ነገር አይተናል። አንድ ቁጥር ብቸኛ መሆኑን ለማወቅ ከእሱ በታች ያለውን ሁሉ መሞከር አያስፈልግም፤ በራሱ ሲባዛ ቁጥራችንን እስከሚደርስበት ድረስ ያሉትን ብቸኛ ቁጥሮች መሞከር ይበቃል።

ይህን ለ4,294,967,297 እንሥራው። 65,536 በራሱ ሲባዛ 4,294,967,296 ይሆናል። ስለዚህ እስከ 65,536 ያሉትን ብቸኛ ቁጥሮች መሞከር አለብን፤ ብዛታቸው 6,542 ነው። በእጅ የሚሠራ ሰው ለአንዷ ማካፈል አምስት ደቂቃ ቢፈጅበት፣ ቁጥሩ ብቸኛ ሆኖ ቢገኝ ሥራው ከ540 ሰዓት በላይ ይወስዳል። ወጣቱ ግን አምስት ማካፈል በቂ የሚሆንበትን መንገድ አገኘ። ከ6,542 ወደ 5 የወረደው ፈጣን እጅ ስለነበረው ሳይሆን፣ አካፋዩ የት ሊገኝ እንደማይችል አስቀድሞ ስላወቀ ነው። የዚህ ምዕራፍ ሐሳብ ይኸው ነው፤ በሒሳብ ትልቁ ጉልበት የማይፈለግበትን ቦታ በማረጋገጫ መለየት ነው።

የፈርማ ግምት

ፒየር ደ ፈርማ በደቡብ ፈረንሳይ በቱሉዝ ከተማ የሚኖር የሕግ ሰው ነበር። እንጀራው ፍርድ ቤት ቢሆንም ልቡ ከቁጥር ጋር ነበር። መጽሐፍ አላሳተመም ማለት ይቻላል፤ ያገኘውን ነገር ለወዳጆቹ በደብዳቤ ይጽፍ ነበር። እንደ ፈረንጆች አቆጣጠር በ1640 ዓ.ም. (በዚህ ምዕራፍ የአውሮፓን ታሪክ የሚመለከቱ ዓመታት ሁሉ በዚሁ አቆጣጠር ናቸው) በጻፋቸው ደብዳቤዎች አንድ የቁጥር ሰልፍ አነሳ።

አሠራሩ ቀላል ነው። ከ2 ይነሣል፤ ቁጥሩን በራሱ እያባዙ መሄድ ነው። 2፣ 4፣ 16፣ 256፣ 65,536፣ 4,294,967,296። በእያንዳንዱ ላይ 1 ሲደመር የፈርማ ቁጥሮች የሚባሉት ይመጣሉ፦

3፣ 5፣ 17፣ 257፣ 65,537፣ 4,294,967,297።

የመጀመሪያዎቹ አምስቱ ብቸኛ ቁጥሮች ናቸው። 65,537ን ለማረጋገጥ እስከ 256 ያሉትን ብቸኛ ቁጥሮች መሞከር ይበቃል፤ 54 ብቻ ናቸው። ፈርማ አምስቱን አይቶ ሰልፉ እስከ መጨረሻው እንዲሁ እንደሚቀጥል አመነ። ማረጋገጫ እንደሌለው ራሱ ጽፏል፤ ሆኖም እውነት መሆኑን አልተጠራጠረም።

በምዕራፍ ሁለት ጥቂት ምሳሌዎች ሕግ እንደማይሆኑ ተነጋግረናል። እዚህ ላይ ምሳሌዎቹ አምስት ናቸው፣ የሚናገረውም በዘመኑ አቻ ያልነበረው ሰው ነው። ቢሆንም አምስት ምሳሌ አምስት ምሳሌ ነው። ስድስተኛው ቁጥር ከአምስተኛው በ65 ሺህ እጥፍ የሚበልጥ ስለሆነ፣ በፊተኞቹ የታየው ነገር ለእሱ ዋስ ሊሆነው አይችልም።

ዙርና ቀሪ

የወጣቱን መንገድ ለመረዳት አንድ መሣሪያ ብቻ ያስፈልገናል። መሣሪያው ቀሪ ነው፤ አንድ ቁጥር በሌላ ሲካፈል የሚተርፈው። ይህን መሣሪያ የሀገራችን ሰው ከባሕረ ሐሳብ ያውቀዋል።

የ2018 ዓ.ም. ዘመን ዘመነ ማን ነው? በቤተ ክርስቲያን ሥርዓት መልሱ የሚገኘው እንዲህ ነው። በዓመተ ምሕረቱ ላይ 5,500 ይደመራል፤ ዓመተ ዓለሙ 7,518 ይሆናል። ይህ በ4 ይካፈላል። ቀሪው 1 ከሆነ ዘመነ ማቴዎስ፣ 2 ከሆነ ዘመነ ማርቆስ፣ 3 ከሆነ ዘመነ ሉቃስ፣ ምንም ካልተረፈ ዘመነ ዮሐንስ ነው። 7,518 ለ4 ሲካፈል 1,879 ደርሶ 2 ይተርፋል፤ ስለዚህ ዘመነ ማርቆስ ነው። ልብ በሉ፤ አራቱ ወንጌላውያን 1,879 ጊዜ መዞራቸው ለመልሱ ምንም አይጨምርም። ሙሉው ዙር ይጣላል፣ ቀሪው ይያዛል።

ከዚህ ሁለት ነገር እንውሰድ። አንደኛው፣ ሙሉ ዙሮችን መጣል መልሱን አያበላሽም። ይህ በመደመር ብቻ ሳይሆን በማባዛትም ይሠራል፤ የተጣለው ሙሉ ዙር ስለሆነ በምንም ቢያባዙት መልሶ ሙሉ ዙር ነው። ስለዚህ ትልልቅ ቁጥሮችን ከማባዛት ይልቅ ቀሪዎቻቸውን ማባዛት ይቻላል። ሁለተኛው፣ ዘመነ ዮሐንስ ከሆነ ዓመት ተነሥተን ከተወሰነ ዓመት በኋላ እንደገና ዘመነ ዮሐንስ ላይ ከደረስን፣ ያለፈው ዓመት በ4 የሚካፈል መሆን አለበት። በ10 ዓመት ወይም በ15 ዓመት መመለስ አይቻልም። የዙሩ ርዝመት ወደ መነሻችን የሚመልሰንን ዘመን ሁሉ እኩል ያካፍላል። ይህች ሁለተኛ ነጥብ የምዕራፉ ቁልፍ ናት፤ አንባቢ ይያዛት።

የ2 ዙር

አሁን ከወንጌላውያን ወደ ቁጥር እንሻገር። አንድ ብቸኛ ቁጥር እንምረጥ፤ 17 ይሁን። ከ1 ተነሥተን በየርምጃው እጥፍ እናድርግ፤ 17 ወይም ከዚያ በላይ ስንደርስ 17ን እንጣል። የሚገኘው ሰልፍ ይህ ነው፦

1፣ 2፣ 4፣ 8፣ 16፣ 15፣ 13፣ 9፣ 1።

ከ16 በኋላ 32 መምጣት ነበረበት፤ 17 ሲጣል 15 ቀረ። የ15 እጥፍ 30 ነው፤ 13 ቀረ። የ13 እጥፍ 26 ነው፤ 9 ቀረ። የ9 እጥፍ 18 ነው፤ 1 ቀረ። በ8ኛው ርምጃ ከተነሣንበት ደረስን፤ ከዚህ በኋላ ሰልፉ ራሱን ይደግማል። ስለዚህ ለ17 የ2 ዙር ርዝመት 8 ነው።

በዙሩ መካከል፣ በ4ኛው ርምጃ ላይ፣ የቆመውን ቁጥር እንመልከት። 16 ነው፤ ከ17 በ1 ብቻ ያንሳል። ይህ አጋጣሚ አይደለም። 2 አራት ጊዜ ሲባዛ 16 ነው፣ 1 ሲደመርበት 17። «17 ይህን ቁጥር ያካፍላል» ማለት «በ4ኛው ርምጃ ላይ ቀሪው ከ17 በ1 ያነሰ ነው» ማለት ነው፤ 1 ሲጨመርበት ሙሉ ዙር ይሆናልና። እዚያ ከደረሱ ደግሞ እጥፉን ርምጃ ሲሄዱ 1 ላይ መድረስ ግድ ነው። 16 ጊዜ 16 ያው 256 ነው፣ በ17 ሲካፈል 1 ይተርፋል።

ወደ ትልቁ ቁጥራችን ስንመለስ ነገሩ ያው ነው። 4,294,967,297 ማለት 2 ሠላሳ ሁለት ጊዜ ተባዝቶ 1 ሲደመርበት ነው። አንድ ብቸኛ ቁጥር ይህን የሚያካፍል ከሆነ፣ በዚያ ብቸኛ ቁጥር ሲሠራ የ2 ሰልፍ በ32ኛው ርምጃ ላይ ከአካፋዩ በ1 ያነሰ ቀሪ ላይ ይቆማል፣ በ64ኛው ርምጃ ደግሞ 1 ላይ ይመለሳል። እንግዲህ የዙሩ ርዝመት ስንት ነው? በ64 ርምጃ ከተመለሰ፣ ከላይ በያዝነው ነጥብ መሠረት ርዝመቱ 64ን የሚያካፍል መሆን አለበት፤ 1፣ 2፣ 4፣ 8፣ 16፣ 32 ወይም 64። ነገር ግን 32 ወይም ከዚያ በታች ቢሆን ኖሮ በ32ኛው ርምጃ 1 ላይ በቆመ ነበር። አልቆመም፤ ከአካፋዩ በ1 ያነሰው ላይ ነው ያለው። ስለዚህ ርዝመቱ ልክ 64 ነው።

እዚህ ድረስ አንድም ጊዜ አላካፈልንም። አካፋዩን አላየነውም፤ ይኑር አይኑር እንኳ አናውቅም። ካለ ግን ባሕርዩን አወቅን።

ፈርማ በራሱ ሕግ

ቀጥሎ የሚያስፈልገን አንድ ሕግ ነው፤ ሕጉን ያገኘው ደግሞ ራሱ ፈርማ ነው። ጊዜውም ያው 1640 ነው፤ በጥቅምት ወር ለወዳጁ ለፍሬኒክል በጻፈው ደብዳቤ ላይ ይገኛል። ዛሬ «የፈርማ ትንሹ ቲዎረም» ይባላል። ለእኛ በሚበቃን መልኩ እንዲህ ይላል፦ ከ2 በቀር ማንኛውንም ብቸኛ ቁጥር ውሰድ፤ በእሱ እየሠራህ በ2 ሰልፍ ላይ ከብቸኛው ቁጥር በ1 ያነሰ ርምጃ ብትሄድ፣ ሁልጊዜ 1 ላይ ትደርሳለህ።

በትናንሽ ቁጥሮች እንፈትሸው። ለ5፣ አራት ርምጃ፦ 16፣ በ5 ሲካፈል 1 ይተርፋል። ለ7፣ ስድስት ርምጃ፦ 64፣ ከ63 በ1 ይበልጣል፣ 63 ደግሞ 7 ጊዜ 9 ነው። ለ11፣ አሥር ርምጃ፦ 1,024፣ ከ1,023 በ1 ይበልጣል፣ 1,023 ደግሞ 11 ጊዜ 93 ነው። ሦስት ምሳሌ ሕግ አይሆንም ብለናል፤ ይህ ሕግ ግን ማረጋገጫ ያለው ነው።

አሁን ሁለቱን እናገናኝ። አካፋያችን ካለ፣ የ2 ዙር ለእሱ 64 ርምጃ ነው። በትንሹ ቲዎረም መሠረት ደግሞ ከእሱ በ1 ባነሰ ርምጃ ወደ 1 ይመለሳል። የዙሩ ርዝመት ወደ መነሻ የሚመልሰውን የርምጃ ቁጥር ሁሉ ያካፍላል። ስለዚህ ከአካፋዩ ላይ 1 ሲቀነስ በ64 የሚካፈል መሆን አለበት። በሌላ አነጋገር አካፋዩ የ64 ብዜት ሲደመር 1 ነው። 3 ሊሆን አይችልም፣ 7 ሊሆን አይችልም፣ 101ም ሊሆን አይችልም። እነዚህን መሞከር ጊዜ ማባከን ነው።

የቀሩት ዕጩዎች እነዚህ ናቸው፦ 65፣ 129፣ 193፣ 257፣ 321፣ 385፣ 449፣ 513፣ 577፣ 641 እያሉ ይቀጥላሉ። ከእነዚህም 65፣ 129፣ 321፣ 385 እና 513 ራሳቸው ውሁድ ስለሆኑ ይወድቃሉ፤ የምንፈልገው ብቸኛ አካፋይ ነውና። ስለዚህ የሙከራው ተራ 193፣ 257፣ 449፣ 577፣ 641 ነው።

አምስቱ ሙከራዎች

ወረቀትና እርሳስ ይዘን እንሥራ። ትልቁን ቁጥር ራሱን ማካፈል አያስፈልገንም፤ ቀሪዎችን እያባዛን እንሄዳለን። 2 ስምንት ጊዜ ሲባዛ 256 ነው። ይህን በራሱ ስናባዛ 16ኛው ርምጃ ላይ፣ ያንን እንደገና በራሱ ስናባዛ 32ኛው ርምጃ ላይ እንደርሳለን። በየመንገዱ ሙሉ ዙሩን እንጥላለን፤ በመጨረሻ 1 እንደምራለን።

በ193 ስንሠራ፦ 256 ወደ 63 ይወርዳል፣ 63 በራሱ ተባዝቶ 109 ይተርፋል፣ 109 በራሱ ተባዝቶ 108 ይተርፋል። 1 ሲደመር 109። አያካፍልም።

በ257፦ 32ኛው ርምጃ ላይ ቀሪው 1 ነው። 1 ሲደመር 2። አያካፍልም።

በ449፦ 32ኛው ርምጃ ላይ 324። 1 ሲደመር 325። አያካፍልም።

በ577፦ 287። 1 ሲደመር 288። አያካፍልም።

በ641፦ 256 በራሱ ሲባዛ 65,536 ነው። 641 ጊዜ 102 ያው 65,382 ነው፤ ቀሪው 154። 154 በራሱ ሲባዛ 23,716 ነው። 641 ጊዜ 36 ያው 23,076 ነው፤ ቀሪው 640። 1 ሲደመር 641። ሙሉ ዙር ሞላ፤ የተረፈ የለም።

641 አካፋይ ነው። ማካፈሉን ስንጨርሰው 4,294,967,297 ማለት 641 ጊዜ 6,700,417 ሆኖ ይገኛል። የፈርማ ግምት ፈረሰ።

6,700,417 ራሱስ ብቸኛ ነው? ይህንም በዚያው ወንፊት እንጠይቀው። የእሱ አካፋይ የትልቁም አካፋይ ስለሆነ፣ ያው የ64 ብዜት ሲደመር 1 መሆን አለበት። በራሱ ሲባዛ 6,700,417 የሚደርሰው ከ2,588 ትንሽ በላይ ነው። ከ641 በታች ያሉት አራቱ ወድቀዋል። የቀሩት ዕጩዎች 641፣ 769፣ 1,153፣ 1,217፣ 1,409፣ 1,601 እና 2,113 ብቻ ናቸው። ሰባቱም አያካፍሉም። ስለዚህ 6,700,417 ብቸኛ ነው፤ ቁጥራችን ከሁለት ብቸኛ ቁጥሮች ብዜት የተሠራ ነው፣ ከዚያ በላይ ሊተነተን አይችልም። ለሙሉው ትንታኔ የተደረገው ሙከራ በጠቅላላ 12 ነው።

ወጣቱ

ወጣቱ ስዊዘርላንዳዊው ሌዎንሃርድ ኦይለር ነው። በዚያን ጊዜ በሩሲያ በሴንት ፒተርስበርግ የሳይንስ አካዳሚ ይሠራ ነበር። በ1729 ዓ.ም. ወዳጁ ክርስቲያን ጎልድባክ በደብዳቤ ግርጌ ስለ ፈርማ ግምት ያውቅ እንደሆነ ጠየቀው። ኦይለር 641ን በ1732 ዓ.ም. ለአካዳሚው ባቀረበው አጭር ጽሑፍ ይፋ አደረገ። እዚያ ላይ ቁጥሩን ሰጠ እንጂ መንገዱን አላብራራም። የአካፋዮቹን ባሕርይ የሚገልጸውን ማረጋገጫ ያወጣው ከ15 ዓመታት ገደማ በኋላ ነው። በመካከሉ የፈርማን ትንሽ ቲዎረም ማረጋገጫም ለኅትመት አብቅቷል።

እዚህ ላይ ልብ ያለው አንባቢ አንድ ነገር ይጠይቅ ይሆናል። 641 እኮ በብቸኛ ቁጥሮች ተራ 116ኛው ነው። ከ2 ጀምሮ በተራ የሚሞክር ሰውም ያለ ምንም ጥበብ 116 ጊዜ አካፍሎ ይደርስበት ነበር፤ ታዲያ ይህ ሁሉ ዝግጅት ለምን አስፈለገ? ጥያቄው ትክክል ነው። ለዚህ ቁጥር ጥበቡ ከ116 ወደ 5 ነው ያወረደን። ጥቅሙ ጎልቶ የሚታየው በተከታዩ ቁጥር ነው። ሰባተኛው የፈርማ ቁጥር 18,446,744,073,709,551,617 ነው። ትንሹ አካፋዩ 274,177 ሲሆን፣ እዚያ ለመድረስ በተራ የሚሄድ ሰው ከ20 ሺህ በላይ ብቸኛ ቁጥሮችን መሞከር አለበት። በኦይለር ሕግ ግን አካፋዩ የ128 ብዜት ሲደመር 1 መሆን ስላለበት ዕጩዎቹ 2,142 ብቻ ናቸው። ፈረንሳዊው ኤዱዋር ሉካስ በ1878 ዓ.ም. ሕጉን ይበልጥ አጥብቆ በ128 ፋንታ 256 መውሰድ እንደሚቻል አሳየ፤ ዕጩዎቹ በግማሽ ወርደው 1,071 ሆኑ። ከመካከላቸው ውሁዶቹ ሲወጡ ቁጥሩ የበለጠ ያንሳል። ፎርቱኔ ላንድሪ የተባለ ፈረንሳዊ ይህን ቁጥር በ1880 ዓ.ም. ሲፈታው ዕድሜው 82 ነበር።

ብቸኛ መሆን አለመሆኑ ምን ለወጠ?

አንድ ቁጥር ብቸኛ ሆነ ውሁድ፣ ለሰው ምን ይረባል የሚል አይጠፋም። የፈርማ ቁጥሮች መልስ ያገኙት ባልታሰበ በኩል ነው። በ1796 ዓ.ም. መጋቢት ወር ጀርመናዊው ካርል ፍሪድሪሽ ጋውስ ገና በ18 ዓመቱ፣ ጎኖቹም ማዕዘኖቹም እኩል የሆኑ ባለ 17 ጎን ቅርጽ በማስመሪያና በኮምፓስ ብቻ መንደፍ እንደሚቻል አረጋገጠ። ከጥንት ግሪኮች ጀምሮ ባለ 3 እና ባለ 5 ጎኑ ይታወቁ ነበር፤ ባለ 17ን ግን ማንም አልደረሰበትም። ጋውስ ነገሩን ሲመረምረው፣ የጎኖቹ ቁጥር ብቸኛ የፈርማ ቁጥር ከሆነ መንደፍ እንደሚቻል አገኘ። በ1837 ዓ.ም. ፒየር ቫንትዜል፣ የጎኖቹ ቁጥር ብቸኛ ሆኖ የፈርማ ቁጥር ካልሆነ እንደማይቻል አረጋገጠ። 641 ብቸኛ ነው፣ የፈርማ ቁጥር ግን አይደለም። 4,294,967,297 ጎን ያለው ቅርጽ ቢነደፍ ኖሮ፣ 641 አካፋዩ ስለሆነ ባለ 641 ጎኑም ከእሱ ላይ ይገኝ ነበር፤ ስለዚህ ይህን ቅርጽ በማስመሪያና በኮምፓስ ማንም ሊነድፈው አይችልም። የኦይለር 641 ከሥዕል ጠረጴዛ ላይ አንድ ቅርጽ አስወጣ ማለት ነው።

የመጨረሻው የታወቀ ብቸኛ የፈርማ ቁጥር 65,537 ደግሞ ዛሬ ሥራ አግኝቷል። አር ኤስ ኤ በተባለው የምስጢር አጻጻፍ ዘዴ የሚሠሩ አብዛኞቹ ቁልፎች ይህን ቁጥር ለሕዝብ ክፍት በሆነው ክፍላቸው ይይዙታል። ለስሌት የሚመች ቁጥር ስለሆነ ነው፤ በራስ ማባዛት 16 ጊዜ፣ ከዚያ አንዲት ማባዛት መጨመር ይበቃዋል።

አካፋዩን ሳያዩ መፍረድ

ኦይለር አካፋዩን አገኘ፣ አሳየ፣ ነገሩ አለቀ። በ1877 ዓ.ም. ግን ፈረንሳዊው ቴዎፊል ፔፓን ከዚህ የሚገርም ነገር አመጣ። የፈርማ ቁጥር ብቸኛ መሆን አለመሆኑን፣ አንድም አካፋይ ሳይፈልጉ መፍረድ ይቻላል አለ።

ፈተናውን ነገር በምሳሌ እንዲሉ በ17 እንየው። ከ3 እንነሣ፤ በራሱ እያባዛን 17ን እንጣል። 3 በራሱ 9 ነው። 9 በራሱ 81 ነው፣ 13 ይተርፋል። 13 በራሱ 169 ነው፣ 16 ይተርፋል። ሦስት ጊዜ አባዝተን ከ17 በ1 ያነሰ ቁጥር ላይ ደረስን፤ ስለዚህ 17 ብቸኛ ነው። በዚህ ፈተና የተረጋገጠው፣ ከ3 በቀር ለማንኛውም የፈርማ ቁጥር ተገቢውን ያህል ጊዜ ተባዝቶ በ1 ያነሰው ላይ ከተደረሰ ቁጥሩ ብቸኛ፣ ካልተደረሰ ውሁድ መሆኑን ነው። ለ4,294,967,297 በራስ ማባዛቱ 31 ጊዜ ነው፤ ውጤቱ በ1 ያነሰው ላይ አይቆምም። 641ን የማያውቅ ሰው እንኳ በዚህ ብቻ ቁጥሩ ውሁድ እንደሆነ ያውቃል።

ስምንተኛው የፈርማ ቁጥር 39 አኃዝ አለው። ሞርሄድ እና ዌስተርን የተባሉ ሁለት ሰዎች በ1905 ዓ.ም. በዚህ ፈተና ውሁድ መሆኑን አሳዩ። አካፋዮቹ ግን የተገኙት ከ65 ዓመት በኋላ፣ በ1970 ዓ.ም. ሞሪሰን እና ብሪልሃርት በኮምፒውተር ሠርተው ነው። ለ65 ዓመት ሙሉ ቁጥሩ አካፋይ እንዳለው በእርግጠኝነት ይታወቅ ነበር፤ አካፋዩን ግን ያየው ሰው አልነበረም። ከዚህም የበለጠ አለ። 4,294,967,297ን አንደኛ ብለን ብንቆጥር፣ በሃያኛ ደረጃ ላይ የሚመጣው የፈርማ ቁጥር ከ5 ሚሊዮን በላይ አኃዝ አለው። ውሁድ መሆኑ በ1999 ዓ.ም. ተረጋግጧል፣ አንድም አካፋዩ ግን አልታወቀም።

«ውሁድ ነው» የሚለውና «አካፋዩ ይኸው» የሚለው ሁለት የተለያዩ እውቀቶች ናቸው። የመጀመሪያው ርካሽ ነው፣ ሁለተኛው ውድ ነው። በምዕራፍ ዘጠኝ የባንክና የመልእክት ምስጢር የሚጠበቀው በዚህ የዋጋ ልዩነት መሆኑን እናያለን።

ፈርማ ከገመተው የቀረው

ከ65,537 በኋላ ብቸኛ የሆነ የፈርማ ቁጥር እስካሁን አልተገኘም። ከ4,294,967,297 ጀምሮ የተከታተሉ 28 ቁጥሮች ሁሉ ውሁድ መሆናቸው ተረጋግጧል። ቀጥሎ የሚመጣው ከ2 ቢሊዮን 585 ሚሊዮን በላይ አኃዝ ያለው ሲሆን፣ ፍርዱ ገና አልተሰጠም። ፈርማ «ሁሉም ብቸኛ ናቸው» ያለው ሰልፍ እስካሁን ከታየው አምስት ብቻ ነው የሰጠው፤ እነሱም እሱ ራሱ ያወቃቸው አምስቱ ናቸው።

ከዚህ ምዕራፍ የሚወሰደው ፍርድ አጭር ነው። ፈርማ የሚያስፈልገው መሣሪያ ሁሉ በእጁ ነበር፤ ኦይለርን ለድል ያበቃው ሕግ የራሱ የፈርማ ነው። ግምቱን በራሱ ሕግ ቢፈትሸው ኖሮ አምስት ማካፈል በበቃው ነበር። ስለዚህ አንድ ነገር እውነት መስሎ ሲታያችሁ፣ ሌላ ምሳሌ ከመደርደራችሁ በፊት በእጃችሁ ያለው እውቀት ስለ ነገሩ ምን እንደሚል ጠይቁ።

ለመለማመድ ሰባተኛውን የፈርማ ቁጥር እንተውላችሁ። 2 ሠላሳ ሁለት ጊዜ ሲባዛ 4,294,967,296 ነው። ይህን በ274,177 አካፍሉና ቀሪውን ያዙ፤ 258,768 ማግኘት አለባችሁ። ይህን ቀሪ በራሱ አባዙና እንደገና በ274,177 አካፍሉ። የስልክ ካልኩሌተር ይበቃል። ሥራችሁ ትክክል ከሆነ የሚተርፈው 274,176 ነው፤ 1 ሲደመርበት ምን እንደሚሆን እናንተው ፍረዱ።